የመርሰዲሱ ነገር

ከዋሽንግተን ዲሲ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤ ደብረ ኤልያስ።

እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከክሬዲት ካርድ ዕዳ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ጥማድ በሬዎቹን ሸጠህ ልትከተለኝ ማሰብህን ከነገርከኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጥፋቱ የዚያ የላክኩላችሁ ፎቶ ነው። እንግዲህ ንስሐ ልግባ፦ ተደግፌው የተነሣሁት ጥቁር መርሰዲስ የእኔ አይደለም። የእኔ ሥራ የሰው መኪና ማቆም ነው። ባለቤቱ ቁልፉን ይሰጠኛል፣ ምድር ቤት አስገብቼ አቆምለታለሁ፣ ሲመለስ አምጥቼ አስረክበዋለሁ። መርሰዲሱን የነዳሁት ርቀት ከቤታችን ወፍጮ ቤት አያደርስም። ፈገግታዬ የተጣመመውም ፎቶ አንሺው ጓደኛዬ «ቶሎ በል፣ ሰውየው መጣ!» እያለ ስላጣደፈኝ ነው። እማየ ግን «ልጄ ጠገበ» አለች አሉ።

ፎቶው ከተሰቀለ በኋላ ፎቶውን መምሰል ግድ ሆነብኝ። ጫማ በዱቤ፣ ሰዓት በዱቤ። ሰዓቱን የማየው የዕዳው ቀን ስንት እንደቀረው ለማወቅ ነው። ከመንገድ ላይ የገዛሁት የአንገት ሐብል በአንድ ክረምት አረንጓዴ ሆነ፤ ሰሙም ወርቁም ጠፋ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደግሞ ሁላችንም የመኪና ቁልፍ እናሽከረክራለን። የአንዳንዱ ቁልፍ መኪና ግን በዕዳ ከተወሰደ ቆይቷል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ፉ ፊታውራሪ መሸሻ ዛሬ ቢኖሩ አጥንት መቁጠር ትተው የመኪና ሞዴል ይቆጥሩ ነበር። ሀዲስ ዓለማየሁ እዚያው ደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምረው፣ በ1958 ዓ.ም. ያን ልብ ወለድ ያሳተሙት እኛን አይተው ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ነገር ሆነ። ሌሊት፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰው የለም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ትዝ አለኝ፤ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያልኩ የቆሎ ተማሪ የነበርኩበት ጊዜ። ግማሹ ቤት እንጀራ፣ ግማሹ ቤት ውሻ ይሰጠኝ ነበር። እንዲያም ሆኖ የኔታ የዘረፍኩትን ጉባኤ ቃና ሰምተው ራሳቸውን የነቀነቁ ቀን መሬት አልበቃኝም፤ ደበሎዬ ውስጥ የነበረው ቅማልም አብሮኝ የኮራ ይመስለኛል! ይህን እያሰብኩ ሳላውቀው ሁለት ቤት ቅኔ ዘረፍኩ። ከዓመታት በኋላ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በቲኬት መቁረጫው ማሽን ፊት።

«ይበል!» አለ አንድ ድምፅ።

ማሽኑ መስሎኝ ደነገጥኩ። አንድ ሽማግሌ የታክሲያቸውን መስኮት ዝቅ አድርገው ኖሯል። «የት ነው የተቀኘኸው?» አሉኝ። «ደብረ ኤልያስ» አልኳቸው። ወረዱ፣ ቆባቸውን አወለቁ፣ እንደ ትልቅ ሰው እጅ ነሡኝ። ጫማዬንም ሰዓቴንም አላዩም። በዚህ አገር ስኖር ሙሉ ሰው ሆኜ የቆምኩት ያን ሌሊት ነው፤ ያውም ደሞዝ ሳይጨመርልኝ።

ለየኔታ እጅ ነሥተህ «ቅኔውን አልረሳም» በልልኝ። ለእማየ የመርሰዲሱን ነገር ቀስ አድርገህ ንገራት። ፎቶውን አውርዱት፤ ክፈፉን ግን እንዳትጥሉት፣ ገና ዕዳውን አልጨረስኩም። በሬዎቹንም አትሽጥ። ዝናቡ ሳይጥል እረስባቸው።

ወንድምህ፣ ባለ መርሰዲስ ያልሆነው