ክቡር አፍንጫ

የስኮትላንድ ውስኪ በአፍ ይጠጣል የሚል ያረጀ ወሬ አሁንም አልፎ አልፎ ይሰማል። ያልሠለጠነ ሰው ወሬ ነው። የሠለጠነው ዓለም ይህን ሥራ ለአፍንጫ ካስረከበ ቆይቷል፤ ለአፍ የቀረለት የንግግሩ ድርሻ ብቻ ሲሆን እሱንም ያለ ዕረፍት እየተወጣው ይገኛል።

ሥርዓቱን ያላየ ካለ እነሆ። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ መሆን አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ግሌንኬይርን የሚባለው ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ በሌላ ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው እንደ ተራ ሰካራም ነው የሚታየው። ቀማሹ ሩቡ እንኳ ያልሞላውን ብርጭቆ በግርጌው ይዞ ያሽከረክረዋል። ከመስታወቱ ላይ ቀስ እያለ የሚወርደውን ቅባት መሳይ መስመር ወደ መብራት አንሥቶ ያያል። አፍንጫውን ይነክራል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያወጣል፤ ደግሞ ይነክራል። ተጋባዡ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠው ምስኪን ጠምቶት ብርጭቆውን ቢያነሣ በዓይን ይገሠጻል። ፍርዱ ግን ገና ነው። ቀማሹ አስቀድሞ ጠርሙሱን በጣቱ ዞር ያደርግና ሌብሉን ያነባል። 12 ዓመት የሚል ከሆነ «ደስ ይላል፣ ገና ልጅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። 25 የሚል ከሆነ ግን ዝም ይላል፤ ቆይቶም «ማር… ያረጀ ኮርቻ… ዝናብ የመታው ሣር» እያለ ማቃሰት ይጀምራል። ይህን ጸሐፊ የሚያበግነው ማቃሰቱ አይደለም። ያቺ ጠርሙሱን ዞር የማድረጊያ ቅጽበት ናት።

ከሚባለው ሁሉ እውነት የለም ማለት ግን አይደለም። በአይላ ደሴት ገብሱ በቅሎ ሲደርቅ ፒት በሚባል፣ ከረግረግ ተቆፍሮ በሚወጣ ማገዶ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ በብቅሉ ላይ የሚተወው ፌኖል በላቦራቶሪ ይለካል፣ በቁጥር ይጻፋል። ከዚያው ደሴት የሚወጣውን ላፍሮይግ ጠጥቶ አዮዲን፣ ሬንጅና የሆስፒታል ፋሻ ሸተተኝ ያለ ሰው አልዋሸም። ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግበት ሽታው መነሣቱም ወሬ ብቻ አይደለም፤ በ2017 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች ጓያኮል የተባለው የጭስ ሽታ ያለው ውሑድ አልኮሉ ሲቀጥን ወደ ላይኛው ገጽ እንደሚወጣ በኮምፒውተር ስሌት አሳይተዋል። እስከዚህ ደህና። ከአዮዲን ተነሥቶ «አያቴ እሑድ እሑድ የምትለብሰው ካፖርት ኪስ» ድረስ የሚዘልቀውን ግን ማን ይለካዋል? ማንም። ስለዚህ ነጥብ ይሰጠዋል። የውስኪ ሐያሲው የጂም መሬይ ስመ ጥር መጽሐፍ እያንዳንዱን ውስኪ ለሽታው፣ ለጣዕሙ፣ ከተዋጠ በኋላ ለሚተወው ስሜትና ለሚዛኑ ሃያ አምስት ሃያ አምስት እየመደበ ከመቶ ያርመዋል። በ2015 እትሙ የዓለም አንደኛ ብሎ 97.5 የሰጠው ለጃፓኑ ያማዛኪ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ከስኮትላንድ አንድም አልገባም። አፍንጫ ሊሳሳት እንደሚችል ያኔ ስንቱ የኤድንብራ ሰው ትዝ እንዳለው መገመት ነው። ያቺን ግማሽ ነጥብ ማሽተት የቻለ አፍንጫ ግን ብፁዕ ነው።

ነገሩ ዋጋ ላይ ሲደርስ አፍንጫም ይሰናበታል። በ2023 መጨረሻ ገደማ ሰዝቢስ የተባለው አጫራች ቤት ለንደን ላይ ባካሄደው ሐራጅ በ1926 ተመርቶ 60 ዓመት በበርሜል የቆየ አንድ ጠርሙስ ማካላን ከ2.1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ቁጥር 263 የሚባለው በርሜል በ1986 ሲገለበጥ የወጣው 40 ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ የዚህኛውን ሌብል የሠራው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቫሌሪዮ አዳሚ ነው። ከሐራጁ በፊት የቤቱ የውስኪ ኃላፊ ጠብታ ታህል ቀምሶለታል። ገዢው ያቺንም ሳይቀምስ ከፈለ። ግሌንሞራንጂ የተባለው ኩባንያ በ1997 የአርድቤግን የውስኪ ፋብሪካ ከነክምችቱ የገዛው በ7 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ በ2022 እዚያው ፋብሪካ በ1975 የተሞላ አንድ በርሜል ለአንዲት የእስያ ሰብሳቢ በ16 ሚሊዮን ተሸጠ። ሙሉው ፋብሪካ 7፣ አንዱ በርሜል 16።

በዚህ ረገድ እኛ ቀድመን ሠልጥነናል። ከዱቲ ፍሪ ተገዝቶ፣ ከነካርቶኑ ሳሎን ቡፌ ውስጥ ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ ተቀምጦ አቧራው ብቻ የሚወለወልለት ጆኒ ዎከር ስለ ሐራጅ ሰምቶ አያውቅም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ልዩነቱ የእኛው ልጅ ሲመረቅ መከፈቱ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የድሃ መቀለጃ መሆኑ ቀርቷል፤ ዛሬ ኢንቨስትመንት ይባላል።

ጠርሙሱን የከፈተ ሰውስ ምን ይገጥመዋል? በ2017 አንድ ቻይናዊ ደራሲ ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ሞሪትዝ ውስጥ በሚገኝ ሆቴል የ1878 ማካላን የተባለ ውስኪ አዘዘ። ሁለት ሴንቲሊትር ነው፤ በአንድ ጉንጭ የሚያልቅ። ዋጋው 9,999 የስዊዝ ፍራንክ። ዜናው ከነፎቶው ሲወጣ የጠርሙሱ ቡሽና ሌብል ያልጣማቸው ባለሙያዎች ብቅ አሉ። ልብ ይባል፣ ያልጣማቸው ሌብሉ ነው። ናሙናው ኦክስፎርድ ተልኮ በካርበን ሲመረመር ከ1970 እስከ 1972 ባለው ጊዜ የተሠራ የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ሆነ፤ ሌላ ላቦራቶሪ ደግሞ 60 በመቶው ብቅል፣ 40 በመቶው የሌላ እህል ውስኪ የሆነ ቅልቅል ሳይሆን አይቀርም አለ። ሆቴሉ ገንዘቡን መለሰ።

እንግዲህ ከሁሉም አፍንጫ ልቆ የተገኘው የካርበን መለኪያው ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተደረገው የኑክሌር ቦምብ ሙከራ በአየሩ ውስጥ ያለውን ካርበን 14 ከፍ አድርጎታል፤ ከዚያ ወዲህ የበቀለ ገብስ ሁሉ ያንን ማኅተም ተሸክሟል። ከግላስጎው አጠገብ ኢስት ኪልብራይድ ያለው የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ማዕከል በ2018 ብርቅ የተባሉ 55 ጠርሙሶች ቀርበውለት 21ዱን ወይ ሐሰተኛ ወይ የተባለው ዓመት ያልሆኑ ሆነው አገኛቸው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል፤ ብቅል ያባውን የሚያወጣው ግን ይኸው መሣሪያ ነው።

ታዲያ ለምን በየቅምሻው ማዕድ አይጋበዝም? እርግጥ አዳራሹ መጠነኛ ማሻሻያ ይፈልጋል። በሩ ይፈርሳል፤ ወለሉ በኮንክሪት ይጠናከራል፤ ለመሣሪያው ልክ የሚሆን የስኮትላንድ ሽርጥ ለማግኘት ሁለት የበግ መንጋ ይሸለታል። ግሌንኬይርን ብርጭቆ ይቀርብለታል፤ አያሽከረክርም። ከአጠገቡ የተቀመጡት የተከበሩ ቀማሽ «የቪክቶሪያ ዘመን ቤተ መጻሕፍት፣ ንግሥቲቱ የተቀመጡበት ኮርቻ» ይላሉ። መሣሪያው ዝም ይላል። እራት ይቀርባል፤ እንግዶቹ ይሸኛሉ፤ ሳምንታት ያልፋሉ፤ መሣሪያው አሁንም ዝም እንዳለ ነው፤ ጥልቅ ቀማሽ ነው ተብሎም ዝናው ይናኛል። በመጨረሻ «ገብሱ የታጨደው ከቦምቡ በኋላ ነው» የምትል ወረቀት ትወጣለች። ባለ ኮርቻው ሰውዬ ቅር ይላቸዋል። መሣሪያው ሌብል አያነብም፣ ዋጋ አይጠይቅም፣ ጋባዡንም አያፍርም፤ ባጭሩ ነውረኛ ነው። ቢሆንም ዓመታዊ መጽሐፍ ያሳትማል፤ በየገጹ ለሽታ ዜሮ፣ ለጣዕም ዜሮ፣ ለሚዛን ዜሮ፣ ለእውነት 25 ከ25 እየሰጠ። ታዋቂው ቀማሚ ሪቻርድ ፓተርሰን ለአፍንጫቸው በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ዋስትና እንደተገባላቸው በሰፊው ተዘግቧል፤ መሣሪያውም ይገባኛል ብሎ ያመለክታል። የኢንሹራንስ ሠራተኞች መጥተው ዙሪያውን ይለካሉ፤ ወጣ ያለ ነገር ግን አያገኙም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ዳኛው አፍንጫ ምን እንደሆነ እንዲያስረዱ ባለሙያ ያስጠራሉ፤ ባለሙያው ከመመስከራቸው በፊት ጠርሙሱ ይታይልኝ ይላሉ። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን የትም ማዕድ ላይ የጠራው የለም።

ሌላው አጭር ነው። የስኮትላንድ ውስኪ ሕግ ከውሃ ሌላ ካራሜል መጨመር ይፈቅዳል፤ ጠቆር ሲል ያረጀ የመሰላቸው ሲያደንቁት የሚያመሹት ቀለም የተቃጠለ ስኳር ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በርሜል ሳያይ በርሜል ለሚገዛ ሰውም ገበያው ክፍት ነው። አንዱን በርሜል ለብዙ ሰው የሸጡ፣ የሌለ በርሜል የሸጡም ተገኝተዋል፤ የጡረታ ገንዘቡን ያስረከባቸው አለ። ለዚህ ሽሙጥ አያስፈልግም። ሌብነት ነው። ሌባውን ያፋፋው ደግሞ ያ ሁሉ ማቃሰት ነው፤ ጣዕሙን ማንም የማያጣራውን ዕቃ በፈለጉት ዋጋ መሸጥ ይቻላል።

ነገሩ አዲስም አይደል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሊዝ ከተማ ነጋዴዎች ሮበርትና ዋልተር ፓቲሰን ርካሽ ውስኪ ላይ ጥቂት ጥሩ ብቅል ጠብ እያደረጉ «ያረጀ ምርጥ ግሌንሊቬት» ብለው ይሸጡ ነበር፤ ጠጪውም አጣጥሞ ይከፍል ነበር። ውስኪያቸውን በየመሸታ ቤቱ እንዲያወድሱ 500 በቀቀኖች አሠልጥነው ማከፋፈላቸው ይተረካል። ድርጅታቸው በዲሴምበር 1898 ወደቀ፤ ወንድማማቾቹ በ1901 ተፈርዶባቸው ወኅኒ ወረዱ። በቀቀኖቹን ግን ለምስክርነት እንኳ የጠራቸው አልነበረም።