ይድረስ ለጀሞ አንድ፣ አራተኛ ፎቅ

ሚያዝያ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህችን ቃል ድሮ ሁሉም ሰው በደብዳቤው ራስጌ ያስቀምጣት ነበር፤ ልብ ብሎ የሚያነባት ግን አልነበረም። ዘንድሮ የሐኪም ምስክር ወረቀት ሆናለችና ማሙሽ ሁለት ጊዜ ያንብብልሽ። አላሳለኝም፣ አላተኮሰኝም፣ የጎረቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸተኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልክሽን ሞክሬዋለሁ። አንቺ ከማንሳትሽ በፊት የኮሮና ማስታወቂያዋ ትቀድምሽና እጄን እንድታጠብ፣ ርቀቴን እንድጠብቅ ትመክረኛለች። ምክሯን ስትጨርስ መስመሩ ይቆረጣል። ደግሜ ስደውል ደግማ ትመክረኛለች። በዚህ ወር ከአንቺ ይልቅ ከእሷ ጋር ብዙ ተጫውተናል። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ በቴሌግራም ለማሙሽ ልኬለታለሁ። ትምህርት ቤት ከተዘጋበት ከመጋቢት 7 ጀምሮ እቤት የዋለ እሱ ነውና ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፤ እንደ አማርኛ ክፍለ ጊዜ ይቁጠረው።

ባለፈው ስለ ሻለቃው ያጫወትሽኝ ነገር እስካሁን ያስቀኛል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያዙት ሰው አጥተው ሲጨነቁ የኖሩት ሰውዬ፣ መንግሥት መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ በማግስቱ ብሎኩን ተረከቡት አልሽኝ። ደረጃው ሥር ቧንቧ የተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን አቁመው፣ ሳሙናውን በገመድ አስረው፣ ራሳቸው ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ የሚወጣውንም የሚወርደውንም «ታጠብ!» ይሉታል። ቆሻሻ ልትደፋ የወረደች ሴትዮ ሁለቴ ትታጠባለች። ውሃው ግን ከየት ይመጣል? ጀሞ ውሃ በፈረቃ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ደግሞ የፈረቃው ፈረቃ ነው የሚደርሰው። ሃያ ሰከንድ ታሹ የሚለውን መመሪያ ሻለቃው የሮቶውን ሁኔታ ገምግመው፣ አሥሩን በውሃ አሥሩን በደረቁ ብለው ማሻሻላቸው አስተዋይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጀሞን አያውቃትም፤ እሳቸው ያውቋታል።

እዚህ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ውሃው ሌት ተቀን ይወርዳል፤ የጠፋው ሶፍት ነው። እውነቴን ነው፣ የመጸዳጃው ሶፍት! መጋቢት ላይ ፈረንጁ በጋሪ እየሞላ ወስዶት መደርደሪያው ባዶውን ቀረ። አንድ ሽማግሌ የመጨረሻዋን እሽግ አቅፈው ሲወጡ ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ ሆኖ አሳለፋቸው፤ ታቦት የወጣ ነበር የሚመስለው። እኔ አልተጨነቅኩም። አንቺ ያሳደግሽው ልጅ ውሃ እስካለ ድረስ ጣሳ አያጣም።

የቡናችሁ ነገር ግን አሳዘነኝ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል፤ እናንተ ደግሞ ከጥንትም አምስት ናችሁ። ምርጫ ቦርድ የነሐሴውን ምርጫ ሲያራዝም እናንተ ኮሪደር ላይ ምርጫ ገባችሁ። የሦስተኛ ፎቋ ተሸናፊ ሆና፣ ውጤቱን አልቀበልም ብላ ሲኒዋን ይዛ ወረደች። አስታርቁን ብላችሁ ሻለቃውን ስትጠሩ እሳቸው ስድስተኛ ሆኑና አዋጁ በአስከባሪው ፊት ተጣሰ። በመጨረሻ አቦሉን አራታችሁ፣ ቶናው ላይ አንዷ ወጥታ አምስተኛዋ ትገባለች፣ በረካውን የወጣችው በሯ ላይ ቆማ ትጠጣለች በሚል ተስማማችሁ። ውሃው በፈረቃ፣ ቡናውም በፈረቃ። ታክሲውም እንደዚያው ሆነ አሉ፤ ግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ። ከጀሞ ሜክሲኮ እግርን ዘርግቶ መሄድ ለእኛ ዘመን ተረት ነበር። እኔ የማዝነው ለወያላው ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ማለት ወንጀል ከሆነበት፣ አፉን ምን ያድርገው?

አሁን የእኛን ልንገርሽ። የሜሪላንዱ ገዥ መጋቢት 21 ቀን ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ ሲያዙ ፈረንጁ ተሸበረ። ቴሌቪዥኑ ብቸኝነትን እንዴት እንደምንችለው የሚያስተምሩ ባለሙያዎች በየሰዓቱ ማቅረብ ጀመረ። እኔ በበኩሌ ከኑሮዬ ምን እንደምቀንስ ፈልጌ አጣሁ። ስድስት ጫማ ተራራቁ አሉ፤ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ከዚያ ቀርቦኝ የሚያውቅ የጥርስ ሐኪሙ ብቻ ነው። አትጨባበጡ አሉ፤ ከማን ጋር? ሰው ቤት አትሂዱ አሉ፤ ድሮስ ሳምንት ቀድሞ ቀጠሮ ሳይዝ ማን ይሄዳል? ይሄ በሽታ ጀሞ ሲገባ የእናንተን ኑሮ ገለበጠው፤ እኔ ጋ ሲደርስ ግን የኖርኩትን ኑሮ አጽድቆ ሕግ አደረገልኝ።

አብሮኝ የሚኖረውን ልጅ እንኳ በቅጡ አላውቀውም ነበር። እሱ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሠራተኛ፣ እኔ የቀን። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ለዓመታት የተነጋገርነው ፍሪጅ ላይ በምንለጥፈው ብጣሽ ወረቀት ነው። «ወተት አልቋል።» «ኪራዩን ከፍያለሁ።» «መልካም ገና።» የጎጃም ልጅ መሆኑን፣ ድቁናም እንዳለው ያወቅሁት አሁን፣ ሌሊት ውዳሴ ማርያም ሲደግም ሰምቼ ነው። ያውም በግድግዳ በኩል።

ጎረቤቶቼንም ያስተዋወቀኝ ያንቺ መድኃኒት ነው። ፌጦውን ዋጥ፣ ነጭ ሽንኩርቱን በማር ብላ፣ ዝንጅብሉን አፍላ ስትይኝ ሁሉንም አድርጌያለሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ርቀቱን ሰው ራሱ ይጠብቅልኝ ጀመር። ባሕር ዛፍ ታጠን ስትይኝ ግን ቅጠሉን እዚህ ያገኘሁት ጉሮሮ በሚያለሰልስ ከረሜላ ውስጥ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ በፌጦሽ የሚስቅብሽ ካለ፣ የእኛው ፕሬዚዳንት ባለፈው ሳምንት በአደባባይ ያሉትን ንገሪው። የዕቃ ማጽጃው ጀርም ገዳይ በመርፌ ወደ ሰውነት ቢገባስ ብለው ባለሙያዎቹን ጠየቁ፤ በማግስቱ አምራቹ ኩባንያ ማንም እንዳይጠጣውና እንዳይወጋው መግለጫ አወጣ። ፌጦ ቢያንስ መግለጫ አላስወጣም።

ነገሩ የከፋው ዕጣኑ ላይ ነው። «ቤቱን አጢስበት» አልሽኝ፣ ከሰል የለም ብዬ በድስት ክዳን ላይ ምድጃው ላይ አጤስኩት። የቤቴ የጢስ ማስጠንቀቂያ መጮኽ ጀመረ። ጢሱ ይውጣ ብዬ በሩን ወደ ኮሪደሩ ስከፍተው፣ የኮሪደሩ ማስጠንቀቂያ ሕንፃውን በሙሉ ቀሰቀሰው። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከቤት እንዳይወጣ የታዘዘው፣ በፒጃማ መኪና ማቆሚያው ላይ ፈሰሰ። ስድስት ስድስት ጫማ ተራርቆ ተሰለፈ። እሳት አደጋዎቹ ቆባቸውን ደፍተው ገቡ፤ አንዱ የድስት ክዳኔን በጓንት ይዞ ወጣና ምንድን ነው አለኝ። ምን ልበለው? ጸሎት ነው አልኩት። የዚያን ዕለት ነው በሕንፃው ስንት ሰው እንደሚኖር ያየሁት። ሰውም ሰው አይቶ የጠገበ አይመስልም፤ ገብታችሁ ተኙ ከተባለ በኋላ ማንም ቶሎ አልገባም። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላ ሸፍና ቀረብ፣ ደግሞ ታስታውስና ራቅ አለች። «ዕጣን ነው እንዴ ያጤስከው? እኔ እኮ ጎረቤት ሲሸተኝ የሞትኩ መሰለኝ» አለችኝ በአማርኛ። ከላዬ ያለው ቤት ነው የምትኖረው! የጣሪያዬን ኮቴ ሁሉ ስረግመው የኖርኩት የአገሬን ሰው ኖሯል። በማግስቱ ከበሬ ሥር ድፎ ዳቦ በፎይል ተጠቅልሎ አገኘሁ።

(ማሙሽ፣ ከዚህ ጀምረህ እስከሚቀጥለው አንቀጽ ዝለል። ድምፅህን ሳትቀይር ዝለል። እኔ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ መኪና የሚያቆም ሰው ስለጠፋ ከመጋቢት ጀምሮ አሰናብቶናል፤ የሥራ አጥ ድጎማ ተመዝግቤያለሁ፣ አትጨነቅ። ልጁ የሚሠራበት መጦሪያ ደግሞ በሽታው ገብቶ ብዙ አልጋ ባዶ ሆኗል፤ አንዱን በሽተኛ ያገላብጥ የነበረው እሱ ስለሆነ አሥራ አራት ቀን ክፍሉ ውስጥ ዘግቶ ተቀመጠ፤ እኔም አብሬው። ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጬ አንኳኳና እሸሽ ነበር። አስቤዛውን የምታመጣልን የላይኛዋ ሴትዮ ናት፤ ደረጃው ላይ አስቀምጣ ትደውላለች። በፋሲካ እማዬ «ያ ልጅ ለምን በሩ ተዘጋበት?» ስትለኝ «የሌሊት ሥራ ደክሞት ነው» ያልኳት ለዚህ ነው። ትናንት ጨርሶ ወጣ፤ ምንም አልሆነም። ፊት ለፊት ስንተያይ እንደ አዲስ ተዋወቅን፤ እኔ ካሰብኩት አጭር ነው።)

ፋሲካውን እንዴት እንዳሳለፍነውማ አንቺው ራስሽ ምስክር ነሽ፤ የሠራሽው አንቺ ነሽ። ማሙሽ ግን አልነበረምና ይስማ። ቅዳሜ ሌሊት ቅዳሴውን እናንተ በቴሌቪዥን፣ እኛ በስልክ አስቀደስን። ዶሮውን አንቺ ከጀሞ በቪዲዮ እያዘዝሽ እኔ ከዚህ ልሠራ ተስማማን። ሽንኩርቱ ላይ ብቻ ስንት ዘመን ቆየን! «ገና ነው»፣ «አሁንም ገና ነው»፣ «ውሃ እንዳታስነካው»። ኔትወርኩ ተቋርጦ ሲመለስ፣ ምስልሽ አፍሽን ከፍተሽ «ገና» ላይ ደርቆ አገኘሁት። ሽንኩርቱ ሲደርስ ዶሮዋን አሳየኝ አልሽኝ። ጎረቤቴ ከሱቅ ያገኘችው የታሸገ የዶሮ እግር ብቻ ነበር። ደርድሬ አሳየሁሽ።

«ፈረሰኛዋ የታለች?»

«የለችም።»

«መላላጫውስ?»

«እማዬ፣ አሥራ ሁለት ብልት አላልሽም? ቁጠሪያቸው፣ አሥራ ሁለት ናቸው።»

«ልጄ፣ ይሄ ዶሮ ነው ወይስ አባ ጨጓሬ?»

ከኋላሽ የሳቁትን ሴቶች ድምፅ ቆጥሬያለሁ፤ ከአራት ይበልጡ ነበር። ለሻለቃው አልናገርም። ብቻ ወጡ ደረሰ። አንድ ሰሃን ላይኛዋ ቤት፣ አንድ ሰሃን ልጁ በር ላይ አስቀመጥኩ፤ ዶሮ ሲጮህ ሦስታችን በሦስት ክፍል ሆነን በስልክ ድምፅ ማጉያ «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» ተባባልን። እዚህ አገር ከሰው ጋር ስፈስክ የመጀመሪያዬ ነው።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ላስረዳሽ፤ አጎቴ፣ የአክስቴ ልጅ፣ የአጎቴ ሚስት ወንድም ሁሉም በየተራ ደውለው ስለ ጤናዬ ጠይቀውኝ፣ ከዚያ «መንግሥት ሰጣችሁ የሚባለው ምንድን ነው?» ብለውኛል። አዎ፣ 1200 ዶላር ገብቶልኛል። በባንክ ሲመነዘር ወደ 40 ሺህ ብር ነው፤ በዘመድ ሲመነዘር ግን ለአንድ ሰው የአንድ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ይደርሰዋል፤ እሱም ባላችሁት ዋጋ ከሆነ አይበቃም። ያንቺን ለብቻው ልኬያለሁ። ሮቶ ግዢበት፤ የራስሽ ይሁን፣ ለፎቁ ሁሉ እንዳታከፋፍይው። እንደምታከፋፍይው አውቃለሁ።

«አሜሪካ አለቀች፣ ና ወደ አገርህ» ያልሽውን አስቤበታለሁ። እርግጥ ዛሬ እዚህ በበሽታው የተያዘው ሰው አንድ ሚሊዮን ሞላ ተብሏል፤ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚነግሯችሁ ቁጥር ተደምሮ ገና 120ን ማለፉ ነው። ድሮ እኔ ስለናንተ ዜና እየሰማሁ እንቅልፍ አጣ ነበር፤ አሁን ጀሞ ለአሜሪካ ሻማ ታበራለች። ግን ብመጣ ከቦሌ በቀጥታ በራሴ ወጪ አሥራ አራት ቀን ሆቴል ነው የሚያስገቡኝ። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ፤ ገና ሻንጣዬ ሳይወርድ አገልግል ይዘሽ መስኮቱ ሥር ትቆሚያለሽ፣ አምስታችሁም ትመጣላችሁ፣ ሻለቃውም ልያዛችሁ ብለው ይከተላሉ። ክልከላውን የጣሰው ቤተሰብ ተብለን በዜና እንወጣለን። ይቆየኝ።

ሳልረሳ፣ ሻለቃው በማሙሽ በኩል ያ ግንባር ላይ ደቅነው ትኩሳት የሚለኩበትን፣ ሽጉጥ የሚመስለውን መሣሪያ ላክልኝ ብለውኛል። ሰላምታዬን አቅርቢልኝና ጠፍቷል በያቸው። ቢገኝም አልልክላቸውም፤ በአንድ ጀሪካንና በታሰረ ሳሙና ብሎኩን እንዲህ የያዙ ሰውዬ፣ ሽጉጥ ከጨመርንላቸው ጀሞ ሁለትንም መያዛቸው አይቀርም።

ልጅሽ