ጠገራ ያማራቸው ልጆች

የዘንድሮ ልጆች ብር የሚባለውን ማዕድን ገዝቶ ማስቀመጥን አዲስ ጥበብ አድርገውታል። አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ በደወለ ቁጥር «ጋሼ፣ ወረቀት አይመኑ፤ ብር ይግዙ» እያለ ይመክረኛል። እኔን! አያቴ የማርትሬዛ ጠገራ ብራቸውን በእንስራ ቀብረው ቦታውን ለማንም ሳይናገሩ የሞቱብኝን ሰውዬ! ዘመድ አዝማድ ጓሮውን ሲቆፍር ውኃ ሊያወጣ ምንም አልቀረውም፤ ጠገራው ግን እስካሁን የለም።

የወንድሜ ልጅ የሚገዛው ሳንቲም አንድ አውንስ፣ 31 ግራም ግድም ነው፤ ንጥረቱም ከሺህ 999 ነው ይባላል። በፕላስቲክ ታሽጎ ነው የሚመጣለት። ጣት እንዳያርፍበት! ካረፈበት ዋጋው ይጎዳል አሉ። እጅ የማይነካው ገንዘብ ምን የሚሉት ጉድ ነው? የእኛይቱ ማርትሬዛ 28 ግራም ትመዝናለች፤ ከመቶ 83 እጇ ንጹሕ ብር ነው። በስንቱ መዳፍ አልፋለች፣ ስንቷን በቅሎ አጉብጣለች። አንድ ሺዋ 28 ኪሎ ስለሆነ ሀብታም መሆን በራሱ የወገብ ሕመም ነበር። ወቄት የምንለው ሚዛንም ቢሆን የእሷው ክብደት ነው።

ደግሞ የቀድሞ ሰው እንደ ዛሬ ልጆች የሻጭን ወሬ አይሰማም። ማርትሬዛዋ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት የትከሻ ጌጥ ፍሬ በፍሬ ቆጥሮ፣ ድንጋይ ላይ አንቃጭሎ ነው የሚቀበል። አፄ ምኒልክ መልካቸው የተቀረጸበትን ብር ፓሪስ አስመትተው ሲያመጡ (1887 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፎበታል) ገበያተኛው «ያችኑ ሴትዮ ስጡኝ» እያለ አስቸገረ። የገዛ ንጉሡን ትቶ ባሕር ማዶ ያለች ባልቴት! እሷም በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ እስኪመጣ ድረስ ከገበያው ንቅንቅ አላለችም።

የብር ዋጋ ይወጣል ይሉኛል። ይወጣል እንጂ! መውረዱን ግን ማን ይናገር? ኸንት የሚባሉ የቴክሳስ ባለጸጋ ወንድማማቾች የዓለምን ብር ሊሰበስቡት ተነሥተው ነበር። በፈረንጆቹ 1980 ጥር ላይ አንዱ አውንስ ወደ 50 ዶላር ተጠጋ፤ መጋቢት ሳያልቅ ወደ 11 ዶላር ወረደ። ጥር ላይ የገዛ ሰው ዋጋው ወደ 50 ዶላር አካባቢ ሲመለስ ያየው በፈረንጆቹ 2011 ነው፤ ያውም ዕድሜ ከሰጠው።

የሚያንገበግበኝ ግን መሸጡ ነው። ሲሸጡልህ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ውበቱ፣ ስለ ጥራቱ ይተርኩልሃል፤ ያን ሁሉ ወሬም ከብሩ ዋጋ በላይ ያስከፍሉሃል። መልሰህ ስትወስድላቸው ታሪኩ ይጠፋና ሚዛን ይወጣል። የባለቤቴን የብር የአንገት መስቀል ይዤ አንድ ሱቅ ብገባ ሰውየው በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝና «የእጅ ዋጋ አይታሰብም፣ የማቅለጫ ይቀነሳል» አለኝ። እሱ ሲሸጥ ግን የእጅ ዋጋው ከብሩ ይበልጣል! እሷም ይሄን ስትሰማ «ድሮስ መስቀሌን ማን ሽጥ አለህ?» ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ወርቅስ ቢሆን ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ብር ግን ትንሽ ገንዘብ ሲሆን እንኳ ሣጥን ሞልቶ፣ ጠቁሮ ይቀመጣል። አይወልድ፣ ኪራይ አያመጣ! ወርውሬ ሌባ ካልመታሁበት በቀር ምን ይሠራልኛል?

አሁን ደግሞ አገር ቤት የመጣ ዘመድ ሁሉ ጠገራ ካልገዛሁ ይላል። ሻጩ ማርትሬዛዋን ገልብጦ «እዩት፣ 1780 ይላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው» ይላቸዋል፤ እነሱም አፋቸውን ከፍተው ይከፍላሉ። ልጆቼ፣ ሴትዮዋ የሞተችው በዚያው በ1780 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ነው። ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲነሣ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አስመጥቶ ሮም አስመትቷል፤ እንግሊዞችም ለንደን መትተዋል፤ ቪየና ዛሬም ትመታለች። ሁሉም 1780 ይላል። እባካችሁ ሚዛንና ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም፣ 28 ግራም ካልሞላም ተዉት። ከገዛችሁም የት እንዳስቀመጣችሁት ለአንድ ሰው ንገሩ።