ጡሩምባው «ቤቶች!» ሲል

እያዋሩት ስክሪን ላይ የሚያፈጥ ሰው ድሮም አልወድም። ቼሳፒክ ሰላጤ ላይ፣ ጭጋግ መሀል፣ መሪ ጨብጦ ሲያደርገው ግን ንዴቱን ትቼ ጸሎት ጀመርኩ።

የሸራ ጀልባው ባለቤት የአገራችን ልጅ ነው። ከአናፖሊስ ከወጣን ጀምሮ ያስጎበኘን ኤአይኤስ የሚባለውን መሣሪያ ነው። «ይቺ ወደ ባልቲሞር የምትሄድ የጭነት መርከብ ናት። ስሟ፣ ፍጥነቷ፣ አቅጣጫዋ፣ ሁሉም ይኸው! ራዳር ምን ያደርግልኛል?»

በጃንሆይ ጊዜ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበሩት ጋሼ ከጋቢያቸው ውስጥ ብቅ አሉ።

«ስሙን የማይናገረውስ?»

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«ይሄ ዕቃህ የሚያሳይህ ራሱን ያስተዋወቀውን ብቻ ነው። ሸርጣን አጥማጁ በታንኳው ቢመጣብህ ስሙን ከየት ታነባለህ?»

ራዳር ትውውቅ አይጠይቅም፤ ሞገዱን ልኮ ነጥሮ የሚመለሰውን ያያል። እሱም ቢሆን አመል አለው። የእንጨትና የፋይበር ግላስ ጀልባ በደንብ አይታየውም፤ ውኃው ሲናወጥ ደግሞ ማዕበሉን ነጠብጣብ አድርጎ ያሳያል። ነጠብጣቡን ላጥፋ ብለው ቁልፉን አብዝተው ካዞሩት ታንኳይቱም አብራ ትጠፋለች።

ጋሼ ክርክሩን ትተው ጡሩምባ አስመጡ። በጭጋግ በሸራ የሚሄድ ጀልባ ቢበዛ በየ2 ደቂቃው አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ እንዲያሰማ ደንቡ ያዛል። ጉንጫቸውን ነፍተው ለቀቁት።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ላለው ሁሉ! ‹ቤቶች!› ሳይሉ ሰው ደጅ ይገባል እንዴ?»

እውነት አላቸው። በ1956 እ.ኤ.አ. ናንተኬት ደሴት አጠገብ የተጋጩት «አንድሪያ ዶሪያ» እና «ስቶክሆልም» የተባሉ መርከቦች አስቀድመው በራዳር ተያይተው ነበር። በሬዲዮ ግን አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። ሁለቱም አይተዋል፤ ሁለቱም የሌላውን ሐሳብ የተረዱ መስሏቸዋል።

እኔ የምኖርበት ፎቅ ላይም ሁሉም በሩ ላይ ካሜራ ሰቅሏል። የፊት ለፊት ጎረቤቴ ስወጣ ስገባ ያየኛል፤ አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ ጫማውን ያያል። በቀደም ጋሼ ሊጠይቁኝ መጡና ደወሉን አልፈው ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ «ቤቶች!» አሉ። የጎረቤቴም በር ተከፈተ። ጋሼ ምን ቸገራቸው፣ እሱንም ቡና ጠሩት። ሦስተኛውን እስኪጠጣ ተቀምጦ የልጆቹን ፎቶ ሁሉ አሳየን።

በሳምንቱ ብድር ለመመለስ አንድ ትልቅ ድስት ተሸክሞ መጣ። ክዳኑን ስንከፍት እስከ አፉ ቀይ የሜሪላንድ ሸርጣን ነው። ጋሼ አማተቡ፤ ሸርጣን እንኳን በጾም በፍስክም አይነኩም። ሰውየው ደግሞ እጁን አጣጥፎ እስክንቀምስለት ይጠብቃል።

ጋሼ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «አንተ ወጣት ነህ፤ ለእንግዳ ክብር ስትል ብላ» አሉኝ።