ዘመቻ ወደ ባሌ

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ፣ ከተሜው ወላጅ ልጁን «ተፈጥሮ ለማሳየት» ይነሳል። ዘንድሮ ተራው የባሌ ተራሮች ሆኗል፤ ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ፣ ሳያዩት መቅረት ያሳፍራል።

ዝግጅቱ የጦር ዘመቻ ነው። አያት ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና የልጁን ግማሽ የሚያህል ድፎ ዳቦ ልከዋል። እናት የቤቱን ጋቢ ሁሉ ጠቅልላለች። አባት የፓርኩን ከፍተኛ ጫፍ፣ የቱሉ ዲምቱን 4,377 ሜትር በቃሉ ያነበንባል፤ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ግን በእግሩ ወጥቶ አያውቅም። ደግነቱ መኪና የሳነቲን አምባ አቋርጦ እስከ ጫፉ ድረስ ይወጣል። «ተራራ ወጣን» ለማለት ነዳጅ ይበቃል። አጎት ከመኪና እንደማይወርዱ ከወዲሁ አስታውቀዋል።

የአዲስ አበባ መስከረም የባሌ መስከረም አለመሆኑን ያሰበ ግን የለም። እዚያ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ሳነቲ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከዚያ ሁሉ ጓዝ ውስጥ አንድ የዝናብ ልብስ አልተገኘም። ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ለማየት ደግሞ ጸጥ ማለት ያስፈልጋል፤ ቤተሰቡ ድምፅ ማጉያ ጭኗል።

ልጁን የጠየቀው የለም። ቢጠየቅ ዲንሾ ላይ ይቀር ነበር፤ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ከርከሮው ሰውን ከምንም ሳይቆጥር ይግጣል፣ ጭቃውም ለሁለቱም ይበቃል።

እባካችሁ፣ ለልጁ ቦቲ ግዙለት፤ ድምፅ ማጉያው ቤት ይቅር።