ደወሉ ፍራንክፈርት ተሰማ

ሥራ ሲያልቅ «ጢን» ለማለት አንዲት ቁጥር ትበቃ ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው አስኪ የተባለው የፊደላት ኮድ 7 ቁጥርን ለደወል ሰጠ፤ ቴሌፕሪንተሩ ቁጥሯ ስትደርሰው የምር ደወል ይመታል። ተርሚናሎችም ወረሷት። ዛሬም ፕሮግራሙ እሷን ከጻፈ፣ ድምፅ ትሁን፣ ብልጭታ ትሁን፣ ጭራሽ ዝም ትበል የሚወስነው የተጠቃሚው ተርሚናል ነው።

እንዲህ ያለ ቅለት ግን ለተማረ ሰው አይመጥንም። ስለዚህ የዘመናችን ፕሮግራመሮች፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ድሬዳዋ ላይ እንግዳን መጠየቅ ነውር የሆነውን ጥያቄ ለኮምፒውተሩ ያስቀድማሉ፦ ዘርህ ምንድን ነው? ማክ ከሆነ አፍፕሌይ ይጠራል። ሊኑክስ ከሆነ ፓፕሌይ ይሞከራል፤ እሱ ከሌለ ኤፕሌይ፤ እሱም ከሌለ የስሕተት መልእክት ስክሪኑ ላይ ይዘረገፋል። ዊንዶውስ ከሆነ ለአንዲት «ጢን» ፓወርሼል ያህል ነገር ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል (እሱ ተነሥቶ ፊቱን እስኪታጠብ ቡና ይፈላል)። ዊንዶውስ ቤት በደባልነት የሚኖረው ደብሊውኤስኤል ደግሞ ሲጠየቅ «ሊኑክስ ነኝ» ይላል። አልዋሸም። ድምፅ ማጫወቻ ይኑረው አይኑረው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የጥበቡ ጥግ የሚታየው ከቀትር በኋላ ነው። የድሬዋ ከዚራ በዛፎቿ ጥላ ስታንቀላፋ፣ መጋላ በርጫው ሲደራ፣ ሥራውን በኤስኤስኤች ፍራንክፈርት ላለ ሰርቨር የሰጠው ልጅ «ሲያልቅ ይደወልልኛል» ብሎ ጋደም ይላል። ያልቃል። ፕሮግራሙም ያለበትን ማሽን ይመረምራል፣ ሊኑክስ ሆኖ ያገኘዋል፣ ድምፁንም በታማኝነት እዚያው ያጫውታል፦ ድምፅ ማጉያ በሌለው ሳጥን፣ ሰው በማያድርበት አዳራሽ፣ ጀርመን አገር። 7 ቁጥር ብትሆን እንደ ማንኛውም ፊደል በዚያው ኤስኤስኤች ተሳፍራ ልጁ አጠገብ ትወርድ ነበር። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ለገባበት ከተማ ይህን ማስረዳት ያሳፍራል፤ የድሬን ተሳፋሪ ለመጥራት ጅቡቲ ላይ ፊሽካ የነፋ የለም።

«ደወሏን እኮ ሰዎች ያጠፏታል» ይሉናል። እውነት ነው፣ ያጠፏታል! ተጠቃሚ በገዛ ቤቱ ዝምታን ይምረጥ ማለት እንዴት ያለ ልቅነት ነው? ስለዚህ ፕሮግራሙ የራሱን የድምፅ ፋይል አንግቦ ይመጣል፤ ስብሰባ መሃልም ቢሆን የተርሚናሉን ቅንብር ሳይጠይቅ ይዘፍናል። የፍሪቢኤስዲ ተጠቃሚዎች ግን ለጊዜው ይታገሡ፤ ለእነሱ ዘር የሚሆነው ኮድ ገና አልተጻፈም።