ሰሙ ሜዳ፣ ወርቁ አበል

እንግሊዝኛ ተማሪን የሚያስለቅሰው ሰዋስው ነው የሚለው አስተያየት ሳይመረመር ብዙ ዘመን ኖሯል። ሰዋስው ክፉ ቢሆንም ክፋቱ የታወቀ ነው። የሚያስለቅሰው ትናንት ማታ የተሸመደደ ቃል ዛሬ ጧት ፈተና ላይ የማያውቁት ሰው ሆኖ መምጣቱ ነው። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 በ20 ቅጽ ሲታተም «ሴት» ለተባለችው የእንግሊዝኛ ቃል (ከእኛዋ ሴት ጋር ዝምድና የላትም) 430 ፍቺ ቆጥሮላታል። ቆየት ብለው አዘጋጆቹ «ራን» የሚለውን ቃል በግሥነቱ ብቻ ቢመረምሩት 645 ፍቺ ተገኘበት። ተማሪው የሚያውቀው «ሮጠ» የሚለውን ነው። በቀን አንድ ፍቺ የሚያጠና ትጉህ ይህን ሩጫ የሚጨርሰው በአንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ነው፤ ያውም የፊተኞቹን ካልረሳ።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግሊዝኛ ቃሉን የማይጠብቅ ቋንቋ ነው» የሚል ክስ ይቀርባል። ክሱ ከሌላ አገር ቢመጣ ይታይ ነበር፤ ከደቡብ ጎንደር ሲመጣ ግን አስቀድሞ ከሳሹ ይመርመር። በሊቦ ከምከም ወረዳ አዲስ ዘመን የምትባል ከተማ አለች፤ አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ጋዜጣም ነው። መስከረም 1 ቀን አዲስ ዘመን ተቀምጦ አዲስ ዘመን እያነበበ አዲስ ዘመን የሚቀበል ሰው ሦስቱን አያምታታም። እዚያው አጠገብ ያለውን የጣራ ገዳምን ስም የሰማ ሁሉ ቆርቆሮ አይቆጥርም። ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር በደብረ ታቦር ሲከበር የገሊላው ተራራ፣ የቡሄው በዓልና ከጉና በስተምዕራብ ያለችው ከተማ አንድ ስም ለሦስት ይለብሳሉ፤ ማንም ግን አልበረደውም። ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም እሄዳለሁ የሚል የቆሎ ተማሪ ጉዞው ወደ ጋይንት እንጂ ወደ ይሁዳ እንዳልሆነ የሚያስረዳው አይፈልግም። አንድን ቃል ለሁለት ጌታ ማሳደር በቅኔ ቤት ኅብር ተብሎ የሚያስመሰግን ሙያ ነው። ሙያው ባሕር ተሻግሮ ሲገኝ ወንጀል የሚሆንበት ምክንያት አይታይም።

«የእኛ ቃል ፍቺው ቢበዛ ሥጋ ለሥጋ የተዛመደ ነው፤ የእነሱ ግን ባዕድና ባዕድን በአንድ ስም ይጠራል፤ ባንክ ሲሉ ገንዘብ ቤትም የወንዝ ዳርም ነው» የሚል ተከራካሪ አለ። ክርክሩ «ገና» እስኪጠራ ድረስ ያምራል። ኅዳር ላይ «ገና ገና ነው» የሚል ጽሑፍ ያየ ባዕድ የትኛው በዓሉ፣ የትኛው አለመድረሱ እንደሆነ የሚለየው በመጥበቅና በመላላት ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ይህን አይጽፍለትም። ዘመድ ነው የሚባለው «ገባ» እንኳ ክረምት ገባ፣ ዕቁብ ገባ፣ ቃል ገባ፣ ነገሩ ገባው እያለ የት እንደሚያድር አይታወቅም። መምህራን በበኩላቸው «ዐውዱን እይ» ይላሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ጉድለቱ ዐውዱም በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት የፍቺው ብዛት ሳይሆን ፍቺ ከፍቺ የሚለይበት መንገድ ነው። ለዚህ ምርመራ «ፊልድ» የተባለው ቃል ተመርጧል፤ ዓይነቱም አምስት ነው። አንደኛው የመማሪያ መጽሐፉ ፊልድ ነው። ትርጉሙ ማሳ ሲሆን፣ በጉና ተዳፋት ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ባለቤቱ ግን በሕይወቱ ፊልድ ብሎት አያውቅም። ሁለተኛው የፊዚክስ ነው፤ በማግኔት ዙሪያ አለ ይባላል፣ አይታይም፣ ፈተና ላይ ግን አይቀርም። ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይመረጣል ቢባልም ለተማሪው «ይደርሰዋል» እንጂ ሌላ ግሥ አልተገኘለትም። እነዚህ ሦስቱ አያከራክሩም።

ጥናቱ የሚከብደው አራተኛው ላይ ነው፤ እሱም «ኃላፊው ፊልድ ወጥተዋል» ሲባል የሚሰማው ነው። ይህም በሦስት ይከፈላል። ሩቅ ፊልድ መኪና፣ ነዳጅና ውሎ አበል ያለው ሲሆን፣ መፈጸሙ የሚረጋገጠው ጭቃ በነካው ጎማና በአንድ ማዳበሪያ ድንች ነው (ማዳበሪያ ሲባል ከረጢቱ ነው)። ቅርብ ፊልድ ከከተማ አይወጣም። ምልክቱ ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ኮት ነው፤ ኮቱ «ባለቤቴ አሉ» ይላል፣ ጸሐፊዋ «የሉም» ትላለች፣ ሁለቱም አልዋሹም። ከዚህ ውስጥ የዓርብ ከሰዓቱ ራሱን የቻለ ነገድ ነው፤ ሰኞ ረፋድ ላይ ካልሆነ ሲመለስ ያየው የለም። ሦስተኛው የወረቀት ፊልድ ነው፤ በዚህኛው ሰውም መኪናም አይነቃነቅም፣ የሚጓዘው አበሉ ብቻ ነው። ለቅኔ አዋቂ ሰሙ ሜዳ፣ ወርቁ አበል መሆኑ ነው። ማመልከቻውን ይዞ ከጧት ጀምሮ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ባለጉዳይ ግን ሰሙም ወርቁም አልደረሰው፤ ለሦስተኛ ጊዜ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

ማስረጃው ይህ ባለጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ አልተማረም፤ ቢሆንም «ፊልድ ወጥተዋል» ሲባል ሞፈር ተሸክሞ ሊያግዛቸው አይነሣም። ቃሉን ከነግሡ ስለተቀበለ አይሳሳትም፤ ፊልድ «ወጣ» ከተባለ ሠራተኛ ነው፣ «ደረሰው» ከተባለ ተማሪ ነው። «ይህ የቢሮ አማርኛ እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም» ቢባል፣ ዘዴው እዚያም አይለወጥም። ያ 645 ፍቺ ያለው «ራን» ሰው ሲቀድመው ይሮጣል፣ ሱቅ ሲከተለው ያስተዳድራል፣ አፍንጫ ሲቀድመው ይፈስሳል፣ ምርጫ ሲመጣ ይወዳደራል። ደብተርን ለሁለት ከፍሎ በግራ ቃል፣ በቀኝ አንድ ፍቺ መጻፍ ዘመድ ሳይጠይቁ ልጅ እንደ መዳር ነው፤ አማቶቹ የሚታወቁት ፈተና ክፍል ውስጥ ይሆናል።

አምስተኛውን ዓይነት በሚመለከት፣ ሰነዱን የያዙት ባለሙያ ቢሯቸው ድረስ ተፈልገዋል። ኮታቸው አለ።